ወንዙን ሳያጠፉ ስፔክልን መቀነስ፦ የአባ ሳሙኤል ሜዳ የክረምት ውኃ በራዳር ምስል

ከአቃቂ ቃሊቲ አለፍ ብሎ ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። ሐይቁ በግድብ የተያዘ ነው፤ ከግድቡ በታች ውኃው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከሐይቁ በላይ ያለው ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ ያብጥና ስንጥቁ ይደፈናል፣ ከዚያ ወዲያ ዝናቡን አያሰርግም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማሳው ላይ ውኃ ይተኛል፣ ወንዞቹም ሞልተው ዳርቻቸውን ያልፋሉ።

ጥያቄው ይህ ነው፦ በክረምቱ ውስጥ ውኃ የተኛበት መሬት የትኛው ነው፣ ስፋቱስ ስንት ሄክታር ነው? ሩብ ሄክታር ያህል የሆነ የአንድ ገበሬ ጥማድ መሬት ተለይቶ መታየት አለበት፤ ካልታየ ካርታው ለወረዳ ባለሙያ ብዙም አይጠቅምም።

በብርሃን የሚያዩ ሳተላይቶች እዚህ አይረዱም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ያመጠቀቻት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1ም ሆነች ሌሎቹ ደመናን ሰንጥቀው ማየት አይችሉም፤ የአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ በነሐሴ ከደመና የሚላቀቅበት ቀን ጥቂት ነው። የቀረው ራዳር ነው። የአውሮፓ የኅዋ ኤጀንሲ ሴንቲኔል-1 በ5.405 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በ5.5 ሴንቲ ሜትር የሞገድ ርዝመት ይሠራል፤ ደመናንም ጨለማንም ያልፋል፣ ምስሉም በነፃ ይገኛል። አንዱ ሳተላይት በዚያው መስመር የሚመለሰው በ12 ቀን አንዴ ነው። ወደ ደቡብ የሚወርደው ጉዞው በእኛ አቆጣጠር ከማለዳው 12 ሰዓት አካባቢ ያልፋል፤ ሰዓቱ ነፋስ የማይበዛበት በመሆኑ ለውኃ ሥራ ይመቻል።

ችግሩ ምስሉ ሲከፈት ይታያል። ሐይቁ ጥቁር፣ የኮዬ ፈጬና የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ነጭ ሆነው ይወጣሉ፤ በመካከል ያለው ሜዳ ግን ኑግና ሰሊጥ ተደባልቆ የተበተነበት ይመስላል። ይህ ነው ስፔክል የሚባለው።

ስፔክል ከየት ይመጣል

ብዙ ሰው ስፔክልን እንደ ሬዲዮ ሹክሹክታ የመሣሪያ ጉድለት አድርጎ ያየዋል። አይደለም። የሴንቲኔል-1 የተለመደው የመሬት ምስል ፒክስሉ 10 ሜትር ቢሆንም እውነተኛ የመለየት አቅሙ 20 በ22 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ስፋት ውስጥ ጓል፣ ገለባ፣ ድንጋይ፣ የእርሻ ትልም አለ፤ እያንዳንዱም ሞገዱን በራሱ ጊዜ ይመልሳል። ጸጥ ያለ ኩሬ ላይ እፍኝ ጠጠር ሲበተን ክቦቹ ሲገናኙ አንዱ ቦታ ከፍ ይላል፣ ሌላው ቦታ ይተኛል። የተመለሱት ሞገዶችም እንዲሁ ሲደጋገፉ ፒክስሉ ይነጣል፣ ሲጣፉ ይጠቁራል። አንድ ዓይነት የሆነ ማሳ ውስጥ ጎረቤት ፒክስሎች የሚለያዩት በዚህ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ መዋዠቁ በምልክቱ ላይ ይባዛል እንጂ አይደመርም፤ ምልክቱ በጠነከረ መጠን መዋዠቁም ይሰፋል። ሁለተኛ፣ መጠኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ሳተላይቱ አንድን ቦታ ከፋፍሎ አይቶ የሚያማክላቸውን እይታዎች ባለሙያዎች ሉክ ይሏቸዋል። የዚህ ምስል ውጤታማ የሉክ ቁጥር 4.4 ያህል ነው። ስለዚህ የአንድ ወጥ ማሳ መዋዠቅ ለአማካዩ ሲካፈል 1 ለ4.4 ካሬ ሥር፣ ማለትም 0.48 ይሆናል፤ በዴሲቤል (10 በጨመረ ቁጥር ምልክቱ አሥር እጥፍ በሚሆንበት መለኪያ) 2.2 ያህል ነው።

ይህን ቁጥር ይዞ ጉዳዩን ማስላት ይቻላል። ለስሌት ያህል የረጠበው ማሳ አማካይ −13፣ ጸጥ ያለው ውኃ −20 ዴሲቤል ነው እንበል፤ ውኃን ከመሬት የሚለየውን መቁረጫ መሃል ላይ −16.5 እናድርገው። ምንም ሳይጣራ ሲቆረጥ ከ100 የማሳ ፒክስሎች 9 ያህሉ "ውኃ" ተብለው ይወጣሉ። በሺህ ሄክታር ሜዳ ላይ 90 ሄክታር የሌለ ጎርፍ ማለት ነው። የሉክ ቁጥሩ ወደ 20 ቢደርስ ይኸው ስሕተት ከሺህ ወደ 1 ይወርዳል። ሥራው በሙሉ ከ4.4 ወደ 20 መድረስ ነው፤ ጥያቄው ዋጋው በምን ይከፈላል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው መንገድና የሚያጠፋው

የተለመደው አካሄድ ስናፕን (የአውሮፓ የኅዋ ኤጀንሲን ነፃ የምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌር) ከፍቶ 7 በ7 መስኮት ያለው ማጣሪያ፣ ማለትም እያንዳንዱን ፒክስል በ7 በ7 ካሬ ውስጥ ካሉት ጎረቤቶቹ ጋር የሚያማክል፣ መጫን ነው። ምስሉ ወዲያው ለስልሶ ያምራል። ማማሩ ግን ያታልላል፤ እዚህ ሜዳ ላይ ሦስት ነገር ያበላሻል።

የመጀመሪያው ወንዙ ነው። አቃቂ 20 ሜትር ስፋት ባለው ቦታ ላይ ሁለት ፒክስል ብቻ ይይዛል። ውኃው −20፣ ዳርና ዳሩ −10 ዴሲቤል ቢሆን፣ ከ49ኙ የመስኮቱ ፒክስሎች 14ቱ ውኃ፣ 35ቱ መሬት ናቸው። ወደ መደበኛ ቁጥር ስንመልሰው 14 በ0.01 እና 35 በ0.1 ተደምሮ ለ49 ሲካፈል 0.074፣ ማለትም −11.3 ዴሲቤል ይሆናል። ወንዙ ከማሳው የሚለየው በ1.3 ዴሲቤል ብቻ ሆነ። ጠፋ ማለት ነው።

ሁለተኛው ብሩህ ነጥብ ነው። ከሐይቁ ዳር የቆመ የከፍተኛ መስመር ምሰሶ ወይም ፊቱን ወደ ሳተላይቱ ያዞረ የቆርቆሮ መጋዘን 10 ዴሲቤል ሊመልስ ይችላል፤ ከጸጥታው ውኃ አንድ ሺህ ጊዜ ይበልጣል። አንዱ ፒክስል እንዲህ ሆኖ 48ቱ −20 ቢሆኑ አማካዩ −6.7 ዴሲቤል ነው። ውኃው መካከል 70 በ70 ሜትር የሆነ ነጭ ካሬ ይወጣል፤ ግማሽ ሄክታር ውኃ በአንድ ምሰሶ ምክንያት ከቁጥር ወጣ።

ሦስተኛው ዳርቻው ነው። 7 በ7 መስኮት ድንበርን ወደ ሁለቱም ጎን 3 ፒክስል፣ ማለትም 30 ሜትር ያደበዝዛል። በአንድ ኪሎ ሜትር የሐይቅ ዳርቻ በእያንዳንዱ ጎን 3 ሄክታር አጠራጣሪ መሬት ይፈጠራል። የአባ ሳሙኤል ዳርቻ ደግሞ የተሰነጣጠቀ፣ ብዙ ጥግና ልሳን ያለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። 49 ፒክስል ሲባል 49 የየራሳቸው ምስክሮች ይመስላሉ። የመለየት አቅሙ 20 በ22 ሜትር ስለሆነ ጎረቤት ፒክስሎች ግማሽ ነገራቸውን ይጋራሉ። 70 በ70 ሜትር ለ440 ካሬ ሜትር ሲካፈል 11 ያህል ነው። ከ7 በ7 መስኮት የሚገኘው 4.4 በ49 ሳይሆን 4.4 በ11፣ ማለትም 49 ሉክ ገደማ ነው። ከ5 በ5 መስኮት 25፣ ከ3 በ3 መስኮት 9 ገደማ ይገኛል። ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው 20 ስለሆነ 7 በ7 ከሚገባው በላይ ዋጋ ያስከፍላል።

የሊ ማጣሪያና የተረሳችው ቁጥር

"አማካይ ብቻ ስለሚያደበዝዝ ሊ ይሻላል" ይባላል፤ ትክክል ነው፣ በአግባቡ ከተሞላ። ተመራማሪው ሊ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ማጣሪያ ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ አካባቢው ወጥ ከሆነ አማካዩን ውሰድ፣ ወጥ ካልሆነ ፒክስሉን ራሱን እመን። የሚመዝነው የመስኮቱን መዋዠቅ ከሚጠበቀው የስፔክል መዋዠቅ ጋር በማነጻጸር ነው፤ ለፒክስሉ የሚሰጠው ክብደት ከ1 ላይ የሁለቱ ካሬ ምጥጥን ተቀንሶ የሚቀረው ነው።

የሚጠበቀው መዋዠቅ የሚሰላው ከሉክ ቁጥሩ ነው። ስናፕ የሉክ ቁጥሩን ራሱ እንዲገምት የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ ያ ምርጫ ጠፍቶ ቁጥሩ 1 ሆኖ ከቀረ ማጣሪያው ስፔክሉ ከእውነቱ በእጥፍ የበዛ ይመስለዋል። ውጤቱን በቁጥር እንየው። መስኮቱ ግማሹ ውኃ −20፣ ግማሹ ማሳ −10 ዴሲቤል የሆነበት ዳርቻ ላይ የመስኮቱ መዋዠቅ 1.02 ያህል ነው። የሉክ ቁጥሩ 4.4 ተብሎ ሲገባ ፒክስሉ 0.78 ክብደት ያገኛል፤ ዳርቻው ይተርፋል። 1 ተብሎ ሲገባ 0.05 ብቻ ያገኛል፤ ማጣሪያው ስሙ ሊ ይሁን እንጂ ሥራው ተራ አማካይ ሆነ። ሊ አይረባም ተብሎ የተወባቸው ብዙ ሥራዎች ጥፋታቸው ይህችው አንድ ቁጥር ናት ብሎ መገመት ይቻላል።

በትክክል የተሞላው ሊም ዳርቻ ላይ ስፔክሉን እንዳለ ይተወዋል፤ ፒክስሉን ሲያምን ስፔክሉንም አብሮ ያምናል። የተሻሻለው የሊ ሲግማ ማጣሪያ ለዚህ ሜዳ ይበልጥ ይስማማል። ጠንካራ ነጥቦችን በ3 በ3 መስኮት ፈልጎ ሳይነካ ያልፋቸዋል፤ ስለዚህ የምሰሶው ነጭ ካሬ አይፈጠርም። ለሌላው ፒክስል ደግሞ በስፔክል ሊብራራ በሚችል ክልል ውስጥ ያሉትን ጎረቤቶች ብቻ ያማክላል። እዚህ የሚመረጠው መስኮት 5 በ5፣ ሲግማው (ክልሉ የሚይዘው የስፔክል ድርሻ) 0.9 ነው።

በቦታ መክፈል ወይስ በጊዜ

ሉክ የሚገኘው ከጎረቤት ፒክስሎች ብቻ አይደለም። በአንድ መስመር፣ በአንድ አቅጣጫ በተለያየ ቀን የተነሱ ምስሎችም ሉክ ይሰጣሉ። መሬቱ ሲለወጥ፣ ሣሩ ሲያድግና ሲደርቅ፣ ጓሉ ሲፈርስ ስፔክሉ ይለወጣል፤ አማካዩ ግን አይለወጥም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በ12 ቀን አንዴ ሲነሳ 7 ምስል ይገኛል፤ 7 በ4.4 ማለት 31 ሉክ ነው፣ አንድ ሜትር እንኳ ሳይደበዝዝ። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ፣ የአቃቂ ጠመዝማዛ፣ በማሳዎች መካከል ያለው ድንበር ሁሉ በዚህ አማካይ ምስል ላይ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ይህን ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ያው ሳተላይት መሆኑን ይጠራጠራል።

ታዲያ ለምን ሁሉንም በዚህ አንጨርስም? በጊዜ ማጣራት የቆየውን ያጠራል፣ አዲሱን ያደበዝዛል። ተመራማሪዎቹ ኩዌጋንና ዩ እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት የብዙ ጊዜ ማጣሪያ ይህን በደንብ ያሳያል። ማጣሪያው ለእያንዳንዱ ቀን የአካባቢውን አማካይ ያሰላል፤ ፒክስሉን ለአማካዩ ያካፍላል፤ የሁሉንም ቀኖች ምጥጥን አማክሎ በፈለግነው ቀን አማካይ ያባዛዋል። ወንዙ በሁሉም ቀን ስላለ በሁሉም ምጥጥን ላይ ጥቁር ክር ሆኖ ይቀራል፤ ማጣሪያው ያድነዋል። ነሐሴ ላይ በአንድ ቀን ብቻ የታየ ኩሬ ግን ከሌሎቹ ቀኖች ምጥጥን ድጋፍ አያገኝም፤ የሚታየው በመስኮቱ ስፋት ተዳምኖ ነው።

የሉክ ቁጥሩም የሚታሰበውን ያህል አይበዛም። የቀኖቹ ብዛት ቀ፣ በመስኮቱ ውስጥ ያሉት ነጻ ምስክሮች ብዛት መ ቢሆን፣ የሚገኘው ውጤት 4.4 ሲባዛ ቀ ሲባዛ መ፣ ለ ቀ ሲደመር መ ሲቀነስ 1 ተካፍሎ ነው። ሰባት ቀንና 7 በ7 መስኮት 20 ሉክ ይሰጣሉ፤ ሰባት ቀንና 5 በ5 መስኮት 15 ብቻ። ቀኖቹን ወደ 15 ብናሳድግ 5 በ5 መስኮቱ 19 ይደርሳል፣ ግን 15 ቀን ማለት ከበጋ እስከ ክረምት መቀላቀል ነው።

ጎርፍ አዲስ ነገር ነው። ወንዙ፣ መንገዱ፣ ሐይቁ የቆዩ ናቸው። ለዚህ ጉዳይ መልሱ የወጣው ሁለቱን ከመለየት ነው፦ ለቆየው በጊዜ፣ ለአዲሱ በቦታ መክፈል፣ ከዚያ ሁለቱን ማነጻጸር።

የሥራው ቅደም ተከተል

ማጣቀሻው የበጋው አማካይ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ሁሉም ምስል ከአንድ መስመር። ወደ ሰሜን የሚወጣውንና ወደ ደቡብ የሚወርደውን መቀላቀል አይቻልም፤ በፉሪ ተራራ አንዱ ብሩህ አድርጎ የሚያየውን ጎን ሌላው ጥላ ያደርገዋል። ከታኅሣሥ በፊት የሚጀመር ከሆነ ሽምብራና ጓያ ያለበት ማሳ ይገባና አማካዩን ያዛባል።

እያንዳንዱ ምስል በዚህ ሥርዓት ይሄዳል። መጀመሪያ የምህዋር ፋይል (ሳተላይቱ በትክክል የት እንደነበረ የሚናገር) ይጫናል። ትክክለኛው የምህዋር መረጃ የሚወጣው ከ20 ቀን በኋላ ነው፤ ለአስቸኳይ ሥራ ፈጣኑ ይበቃል፣ ለማጣቀሻው ግን ትክክለኛውን መጠበቅ ይሻላል። ቀጥሎ የሙቀት ኖይዝ (የመሣሪያው የራሱ ሁካታ) ይቀነሳል፤ ይህ ከስፔክል የተለየ ችግር ነው፣ በማጣሪያ አይጠፋም። የመሣሪያው የኖይዝ ወለል በመስፈርቱ −22 ዴሲቤል ነው፤ በቪ ኤች ፖላራይዜሽን (ቀጥ ብሎ የተላከው ሞገድ አግድም ሆኖ ሲመለስ በሚለካበት) ጸጥ ያለ ውኃ ከዚያ በታች ሊወርድ ስለሚችል የሚታየው ውኃው ሳይሆን መሣሪያው ይሆናል፤ በስዋቱ (ሳተላይቱ በሚያየው ሰፊ ሰቅ) ክፍሎች መጋጠሚያም ላይ ደረጃ የመሰለ ቁራጭ ይታያል። ከዚያ የዳር ኖይዝ ይወገዳል፣ ካሊብሬሽን (የምስሉን ቁጥር ወደ ተመላሽ ሞገድ መጠን መለወጥ) ይሠራል፣ ውጤቱ በመደበኛ ቁጥር እንጂ በዴሲቤል አይቀመጥም። አንድ ምስል 250 ኪሎ ሜትር ስፋት ስላለው ከዚህ በኋላ 30 በ30 ኪሎ ሜትር ተቆርጦ ይወሰድ፤ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር የሚተነፍሰው በዚህ ነው። መብራት ቢጠፋ ሥራው ከመጀመሪያው እንዳይጀመር እያንዳንዱን ደረጃ በፋይል ማስቀመጥ ይገባል።

የጎርፉ ቀን ምስል ከመሬት ማስተካከያው (ምስሉን በመሬቱ ከፍታ ከካርታ ጋር ከማገጣጠሙ) በፊት በተሻሻለው ሊ ሲግማ 5 በ5 ይጣራል። ቅደም ተከተሉ የሚገለበጥ አይደለም። በ30 ሜትሩ የኤስ.አር.ቲ.ኤም ከፍታ ሞዴል ሲስተካከል ፒክስሎች ይቀላቀላሉ፣ የስፔክሉም ባሕርይ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚጣራ ማጣሪያ 4.4 የምትለውን ቁጥር ይዞ የሚሠራው በሐሰት ነው። የበጋዎቹ 7 ምስሎች ሳይጣሩ ይስተካከላሉ፣ በአንድ ቁልል ይደረጋሉ፣ ከዚያ በመደበኛ ቁጥር ይማከላሉ።

በመደበኛ ቁጥር የምንለው ለምን እንደሆነ ይታወቅ። በጉግል ኧርዝ ኤንጂን (የሳተላይት ምስል በኢንተርኔት በሚሠራበት መድረክ) ላይ ያለው የተለመደው የሴንቲኔል-1 ስብስብ በዴሲቤል የተቀመጠ ነው፤ ያልተለወጠው ስብስብ ለብቻው አለ። ዴሲቤልን ያማከለ ሰው 4.4 ሉክ ላይ ከእውነተኛው በ0.5 ዴሲቤል ዝቅ ያለ መልስ ያገኛል፤ ባለ አንድ ሉክ ምስል ላይ ዝቅታው 2.5 ዴሲቤል ይደርሳል። ቀድሞ የተጣራ ምስል ከዚያ በዴሲቤል ሲማከል ዝቅታው ያንሳል፤ ስለዚህ አንዱ በዴሲቤል፣ ሌላው በመደበኛ ቁጥር ተማክሎ ከተነጻጸሩ ግማሽ ዴሲቤል የሚሆን የሌለ ለውጥ በመላው ሜዳ ላይ ይታያል። ዴሲቤል ለማሳያና ለመጨረሻው ንጽጽር ብቻ ይሁን።

ንጽጽሩ የጎርፉ ቀን በማጣቀሻው ተካፍሎ በዴሲቤል የሚገለጽ ምጥጥን ነው። 25 ሉክ ባለው የጎርፍ ምስልና 31 ሉክ ባለው ማጣቀሻ መካከል የምጥጥኑ መዋዠቅ 1.2 ዴሲቤል ያህል ነው። ከ3 ዴሲቤል በላይ የቀነሰውን "አዲስ ውኃ" ብለን ብንቆርጥ፣ ያልተለወጠ መሬት በስሕተት የሚገባው ከሺህ 5 ገደማ ነው። ሁለት ያልተጣሩ ምስሎች ቢነጻጸሩ መዋዠቁ 3.1 ዴሲቤል ስለሚሆን በዚያው መቁረጫ ከ100 17 ያህሉ በስሕተት ይገባል። ፈጣኑ መንገድም እዚህ ላይ መልስ ያገኛል፦ ልስልስ አስፋልት ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትት እንደ ውኃ ጥቁር ነው፤ ግን በጋም ጥቁር ስለነበረ በምጥጥኑ ላይ አይታይም። የተራሮቹ ጥላም እንዲሁ። ለጥንቃቄ ግን ቁልቁለቱ ከ5 ዲግሪ የሚበልጥ መሬት ከካርታው ይውጣ፤ ውኃ እዚያ አይተኛም።

ማጣሪያው ምን እንደበላ ማየት

ማጣሪያ ሥራውን መሥራቱ የሚታየው በተጣራው ምስል ላይ አይደለም፤ ባወጣው ነገር ላይ ነው። ያልተጣራውን ምስል በተጣራው ማካፈል ነው። የቀረው ንጹሕ ስፔክል ከሆነ አማካዩ 1፣ ልዩነቱ በካሬ 0.23 ያህል ይሆናል፣ ዓይንም ምንም ቅርጽ አያይበትም። በዚህ ምስል ላይ የአቃቂ ጠመዝማዛ፣ የኮንዶሚኒየም ረድፍ ወይም የሐይቁ ዳርቻ ከታየ፣ ማጣሪያው የበላው ስፔክልን ብቻ ሳይሆን መሬቱንም ነው። የ7 በ7 አማካይ ምጥጥን ላይ ኮዬ ፈጬ ሙሉ ካርታው ይነበባል፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለተኛው መለኪያ የሉክ ቁጥሩ ራሱ ነው። ከሐይቁ መካከል ነፋስ ያልነካውን፣ ቢያንስ 20 በ20 ፒክስል የሆነ ወጥ ቦታ ወስዶ የአማካዩን ካሬ ለልዩነቱ ካሬ ማካፈል። ሳይጣራ 4.4 አካባቢ ካልመጣ ቦታው ወጥ አይደለም፤ እንቦጭ ወይም ጀልባ ሊኖርበት ይችላል። ብዙዎች ግን በዚህ ቁጥር ብቻ ይመራሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጥሩ የመሰላቸው ሁሉንም ነገር የሚያጠፋውን ማጣሪያ ይመርጣሉ። ሁለቱ መለኪያዎች አብረው ይሂዱ።

ማጣሪያ የማይፈታው

ስፔክሉ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀሩት ስሕተቶች ከመሬቱ የሚመጡ ናቸው፤ መስኮቱን ይበልጥ ማስፋት አያድናቸውም።

ከሁሉ የከበደው የጤፍ ማሳ ነው። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ማሳው ደጋግሞ ይታረሳል፣ ከዚያ በከብት ይረገጣል፤ ፊቱ ልሙጥ ይሆናል። በ38 ዲግሪ ለሚመጣ የ5.5 ሴንቲ ሜትር ሞገድ፣ ወጣ ገባው ከ0.9 ሴንቲ ሜትር ያነሰ መሬት ልሙጥ ይባላል። የተረገጠ ዋልካ ወደዚህ ይጠጋል። እርጥበቱ ምልክቱን ከፍ ያደርጋል፣ ልስላሴው ዝቅ ያደርጋል፤ ልስላሴው ሲያሸንፍ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሻካራ ከነበረው አንጻር ከ3 ዴሲቤል በላይ ሊወርድ ይችላል። በአንድ ቀን ምስል ይህን ከውኃ መለየት አስቸጋሪ ነው። ሁለት ነገር ይረዳል፦ አንደኛ፣ የጤፍ ማሳ ድንበሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ውኃ የሚተኛው ግን ዝቅታውን ተከትሎ ነው። ሁለተኛ፣ በቀጣዩና ከዚያ በኋላ ባለው ጉዞ፣ ማለትም ከ12 እና ከ24 ቀን በኋላ ጤፉ ሲበቅል የቪ ኤች ምልክት ይነሳል። ስለዚህ ካርታው በጎርፉ ቀን ወጥቶ ከ24 ቀን በኋላ ይታረማል።

ነፋስ ሌላው ነው። በዚህ ማዕዘን ውኃን ብሩህ የሚያደርገው 4.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጥቃቅን ሞገድ ነው። እንዲህ ያለ ሞገድ ያነሳ ነፋስ ሐይቁን በቪ ቪ (ሞገዱ ቀጥ ብሎ ተልኮ ቀጥ ብሎ ሲመለስ በሚለካበት) ማሳ ያስመስለዋል። የማለዳው ጉዞ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

እንቦጭ ደግሞ ውኃውን ይሸፍናል። አባ ሳሙኤል ላይ እንቦጭ ያለበት ቦታ ሞገዱ ቅጠሉ ውስጥ ተመላልሶ ስለሚመለስ ቪ ኤች ከፍ ይላል፣ ውኃው ሣር መስሎ ይታያል። ሐይቁ የጠበበ የሚመስልበት ክረምት ካጋጠመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ነፋስ ገፍቶት በየሳምንቱ ቦታ ስለሚቀይር በቁልሉ ውስጥ የሚነሳና የሚወድቅ ዳርቻ ሆኖ ይለያል።

መሬት ላይ ያለው ማረጋገጫ

ማረጋገጫው ምስሉ በተነሳበት ቀን ይሁን፤ ዋልካ ላይ የተኛ ውኃ በሦስት ቀን ሊጠፋ ይችላል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሳተላይቱ ሲያልፍ ያለውን ነገር ለመያዝ ከ2 ሰዓት ጀምሮ መዞር ይበቃል። በእግር የሚደረስበት ብቻ ከተለካ ካርታው ራሱን ያሞግሳል፤ ጭቃው የማያስገባው ቦታ ነውና ውኃው ያለው። ከመንገድ ጀርባ ላለው ማሳ ባለቤቱን መጠየቅ ከጂፒኤስ ይበልጣል፦ "እዚህ ውኃ ይተኛል ወይስ ዝም ብሎ ይረጥባል?" ሲባል ገበሬው ከእነ ጥልቀቱ ይናገራል።

የሚመዘገበው "ውኃ" እና "መሬት" ተብሎ በሁለት መሆን የለበትም። የተኛ ውኃ፣ የረጠበ ጭቃ፣ የተረገጠ የጤፍ ማሳ፣ እንቦጭ የሸፈነው ውኃ ተብሎ በአራት ይመዝገብ። ነጥቡ ከድንበር ቢያንስ 30 ሜትር ገባ ብሎ ይወሰድ፤ የስልክ ጂፒኤስ 5 ሜትር ቢስትም የምስሉ መለየት አቅም 20 ሜትር ስለሆነ ዳር ላይ የተወሰደ ነጥብ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የሄክታር ቁጥሩም ሲጻፍ የዳርቻው ድርሻ ለብቻው ይጻፍ፦ በ5 በ5 መስኮት በአንድ ኪሎ ሜትር ዳርቻ በእያንዳንዱ ጎን 2 ሄክታር። ይህ ቁጥር ሳይጻፍ በሁለት ክረምቶች መካከል 10 ሄክታር ጨመረ ወይም ቀነሰ የሚል ሪፖርት፣ ዳርቻው 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ስለ ጎርፉ የሚናገረው ምንም የለም።